ያልተመረመረው ግማሽ

መኪና መንዳት የምታስተምረውን ሴትዮ ተማሪዎቿ ሁሉ «ፍሬን» ነው የሚሏት። ትክክለኛ ስሟን ስንቱ እንደሚያውቀው እንጃ። መሪ የጨበጠው ተማሪ መስመሩን ስቶ ወደ እግረኛ መንገድ ማዘንበል ሲጀምር፣ «ፍሬን! ፍሬኑን ርገጥ አንተ ሰው፣ እኔ ገና ያልዳርኳት ልጅ አለችኝ!» እያለች የምትጮኸው ጩኸት ከመለማመጃው ሜዳ አልፎ ማዶ ያሉት ጋራዦች ድረስ ይሰማል። ተማሪ ፈተና ወድቆ አንገቱን ደፍቶ ሲመጣ ግን አትቆጣም። «እሰይ! ልትለየኝ ነው ብዬ ሰግቼ ነበር» ብላ አጠገቡ ትቀመጣለች።

ታናሽ እህቷን ያሳደገቻት እሷ ናት። እናታቸው ታናሿን ስትወልድ በዚያው አሸለበች፤ አባታቸውም ብዙ ሳይቆይ ተከተላት። አባትየው ለእናቱ አንድ ስለነበር አክስት የሚሏት ዘመድ እንኳ አልነበረቻቸውም። ፍሬን ትምህርቷን ከመሃል ጥላ መጀመሪያ የጭነት መኪና ረዳት፣ ቀጥሎ ሾፌር፣ በኋላም አስተማሪ ሆና ታናሿን ከአንደኛ ክፍል እስከ ዩኒቨርሲቲ አደረሰቻት። ታናሿ ዛሬ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት የላቦራቶሪ ተመራማሪ ናት። ለፍሬን ግን ያው ሚጣ ናት። ስብሰባ ላይ ሳለች ደውላ «ሚጣ፣ በልተሻል?» ትላታለች። ሚጣም ሰው ሁሉ እያያት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «በልቻለሁ እታለም» ብላ ስልኩን ትዘጋለች።

የሚጣ መሥሪያ ቤት የሚያጠናው የእንቁላል እጢ ካንሰርን ነው። ይህ በሽታ ከማህፀን ግራና ቀኝ ካሉት ትንንሽ እጢዎች ይነሳና ሳያምም፣ ሳያደማ፣ ድምፁን አጥፍቶ ይስፋፋል። ሴትዮዋ አንድ ነገር ተሰማኝ ብላ ሐኪም ቤት ስትሄድ አብዛኛውን ጊዜ ከእጢው ወጥቶ አንጀቷንና የሆዷን ሽፋን ወርሶት ይገኛል። ስለዚህ የእነሚጣ ሐሳብ ቀላል ነበር፦ ቀድመን እንያዘው። ካንሰሩ ወደ ደም የሚረጨው አንድ ንጥረ ነገር አለ። ጤነኛ የሚመስሉ ሴቶችን በየዓመቱ ደማቸውን ብንመረምርና ይህ ነገር ከፍ ከፍ ማለት ሲጀምር ብንደርስበት፣ ሳይስፋፋ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ሴትዮዋም ትተርፋለች።

ትተርፋለች ወይ? ይህን ለማወቅ ነበር ጥናቱ የተጀመረው። በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች በፈቃዳቸው ተመዘገቡ፤ ኮምፒውተር በዕጣ ለሁለት ከፈላቸው። ግማሾቹ በየዓመቱ ደማቸው ይመረመራል። የቀሩት ግማሾች ደም ይሰጡና ደማቸው ሳይታይ ፍሪዘር ይገባል፤ እነሱም እንደማንኛውም ሰው ኑሯቸውን ይኖራሉ። ከዓመታት በኋላ በዚህ በሽታ ብዙ ሰው የሞተው ከየትኛው ግማሽ እንደሆነ ይታያል። ነገሩ ጨካኝ ይመስላል። ግን አንድ ምርመራ ይጠቅም አይጠቅም እንደሆነ ቁርጡ የሚታወቀው እንዲህ ነው።

«የሰው እጥረት አለባችሁ አሉ» ብላ ፍሬን አንድ ቀን ከሥራ በቀጥታ ላቦራቶሪው መጣች፤ እጅጌዋንም ከበሩ ጀምራ ጠቅልላው ነበር። «እኔ ደግሞ ከደም በስተቀር የተረፈኝ ነገር የለም።»

ዕጣዋ ከማይመረመሩት ጋር ወጣ።

«ተይኝ እስቲ» አለች እየሳቀች። «ሎተሪ ስቆርጥ ስንት ዘመኔ፤ ለምልክት እንኳ ደርሶኝ አያውቅም።»

ሚጣ አልሳቀችም። በዚያው ሳምንት እህቷ ቤት ሄዳ፣ ፍሬን የታጠበ ልብስ ስታጥፍ አጠገቧ ተቀመጠችና፣ «እታለም፣ ለብቻዬ ልመርምርሽ? ማንም አያውቅም» አለቻት።

«ጥናታችሁስ?»

«ባንድ ሰው አይፈርስም።»

«ሁሉም እህቱን፣ ሚስቱን እየጎተተ በጓሮ በር ካስገባማ ምኑን ጥናት ሆነ? እኔ ተማሪዬ ሲፈተን መሪ አልይዝለትም።» አንሶላውን አንድ ጫፍ ለሚጣ አቀበለቻት። «ያዢ እስቲ፣ ሳብ አድርጊው። ደግሞስ ምን ሆኜ? ድንጋይ ብውጥ የምፈጭ ሴት ነኝ።»

ሚጣ አልገፋችበትም። እውነቱን ለመናገር ቅልል አላት፤ ደንቡን መጣስ ያስፈራት ነበር። ፍሬንም በየዓመቱ እየመጣች ደሟን ሰጠች። ነርሷን አስቃ፣ ከሚጣ ጋር ሻይ ጠጥታ ትመለሳለች።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፍሬን ለተማሪ ልታሳይ መሪ ስትይዝ፣ መሪው ሆዷን ይነካት ጀመር። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋችው። ሱሪዋ አልዘጋ አላት። «ወፈርኩ» አለች፤ ጉንጯ ግን እየጎደለ ነበር። ሁለቴ ሦስቴ ጎርሳ ትጠግባለች። ሰፈሯ ካለው ክሊኒክ ብትሄድ ጨጓራ ነው ብለው እንክብል ሰጧት፤ አልተሻላትም፤ ሌላ እንክብል ሰጧት። ለሚጣ አልነገረቻትም። «ለጨጓራ ብዬ ተመራማሪ ልጥራ?» አለች ለልጇ።

ልጇ አንድ ናት፤ ማተሚያ ቤት የምትሠራ፣ እንደ እናቷ ነገር የማይከብዳት ወጣት። አባቷ ሳትራመድ ጥሏቸው ስለሄደ ሁለቱ ለብቻቸው ነው የኖሩት። አንድ ከሰዓት ለሚጣ ደወለችላት።

«አክስቴ፣ እማዬ ምግብ ትታለች።»

«ምን ሆና?»

«እኔ እንጃ። አትበላም፤ ሆዷ ግን ያድጋል።»

ሚጣ የያዘችውን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ሄደች። ፍሬን ሶፋው ላይ በጎኗ ተኝታ ነበር፤ ስታያት ልትነሳ ሞከረችና ተወችው። ሚጣ ተንበርክካ እጇን በልብሷ ላይ እህቷ ሆድ ላይ አሳረፈች። ተወጥሯል፤ ውስጡ ውሃ ነው። ቶሎ መጥገብ፣ የሆድ መነፋት፣ የልብስ መጥበብ፤ እነዚህን ምልክቶች በጻፈቻቸው ጽሑፎች ሁሉ መግቢያ ላይ ስትደረድራቸው ኖራለች። በሽታውን የምታውቀው ግን በብልቃጥ ውስጥ ነበር። በእጇ ስትነካው የመጀመሪያዋ ነው።

«እንደዚያ አትይኝ» አለች ፍሬን።

«እንዴት አየሁሽ?»

«እንደ ሞተ ሰው።»

ቀዶ ሐኪሟ ግማሽ ቀን ሙሉ ሆዷ ላይ ሠራች። ስትወጣ ጭምብሏን አገጯ ላይ አውርዳ፣ «የሚታየኝን አውጥቻለሁ» አለች ለሚጣ። «የማይታየኝን አንቺ ታውቂዋለሽ።» ካንሰሩ ሆዷ ውስጥ ሁሉ ተበትኖ ነበር። ልጅቷ ሐኪሟ ምን እንዳለች ስትጠይቅ ሚጣ፣ «ኬሞ ይጀመራል» ብቻ አለቻት።

በጥናቱ ደንብ፣ ካልተመረመረው ግማሽ አንዲት ሴት ስትታመም ፍሪዘር የገባው ደሟ ወጥቶ ይመረመራል። ጥናቱን የሚመሩት ፕሮፌሰር ሚጣን ቢሯቸው አስጠሯት። በሩን ራሳቸው ዘጉ።

«ይህን ሌላ ሰው እንዲሠራው አድርጌያለሁ» አሏት።

«ውጤቱን ግን ይንገሩኝ።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ፕሮፌሰር፣ እባክዎን።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን አሹ። «ሆዷ ከማበጡ ከዓመት በፊት በሰጠችው ደም ላይ ከፍ ብሏል። ከተመረመሩት ወገን ብትሆን ኖሮ እንጠራት ነበር።»

ሚጣ አመስግናቸው ወጣች። ምን ብላ እንዳመሰገነቻቸው ራሷም አታውቅም። ኮሪደሩ ላይ አንዷ ባልደረባዋ ስለ አንድ ማሽን ብልሽት ነገረቻት፤ ቆማ ሰማቻት፣ መልስም ሰጠቻት። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብታ፣ ቧንቧውን ከፍታ፣ ውሃው እየፈሰሰ ፊቷን በመዳፏ ይዛ ቆመች። ለማንም አልተናገረችም።

ኬሞው ፍሬንን አደቀቃት፤ ግን ቀና አደረጋት። ጸጉሯ ሲረግፍ ኮፍያ ደፍታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ተማሪዎቿ ሲያፈጡባት፣ «ምን ታፈጣላችሁ? ጣራው ተነሳ እንጂ ሞተሩ አለ» ትላቸው ነበር። ሐኪሞቹ ዘረ መሏን አስመርምረው አንድ ጉድለት አገኙ፤ ምናልባት ከአባታቸው የመጣ፣ በሴት ላይ ካልሆነ ብዙም የማይታወቅ። አባታቸው እህት ስላልነበረው የነገራቸው ሰው የለም። ለዚያ ጉድለት የሚስማማ አዲስ እንክብል ነበርና ጀመረች። ያም እንክብል የምርምር ውጤት ነው፤ ሚጣ የሠሩትን ሰዎች ሳታውቃቸው ትመርቃቸው ጀመር። ከዓመት በላይ ያዘላት። ሆዷ ጎደለ፣ ጸጉሯ በቀለ፣ ተማሪ ላይ መጮኋንም ቀጠለች።

ሚጣም ተመረመረች፤ ጉድለቱ የላትም። ይህን ስትሰማ ፍሬን «ተመስገን!» ብላ አለቀሰች። ሚጣ ግን የተሰማትን ለማንም ልትናገረው አልቻለችም። ከአንድ አባት ወጥተው እሷን ምን ለያት?

ከዚያ የፍሬን ሆድ እንደገና ይነፋ ጀመር። ሐኪሞቹ ካንሰሩ እንክብሉን መልመዱን ነገሯቸው። ሌላ ኬሞ ተሞከረ፤ ቀይ ሆኖ በቱቦ የሚወርደው፤ ሌላም ተሞከረ። ሌላ ከተማ አንድ አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ እየተሞከረ መሆኑን ሚጣ ሰምታ ስልክ ስትደውል፣ ደብዳቤ ስትጽፍ ከረመች። የፍሬን ኩላሊት አይችልም ብለው መለሱላቸው።

በዚያው ሰሞን የጥናቱ ውጤት የሚከፈትበት ቀን ደረሰ።

ተመራማሪዎቹ ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ዕድሜያቸውን የጨረሱበት ነገር ነበርና ጥሩ ጥሩ ልብሳቸውን ለብሰው ነበር የመጡት። ፕሮፌሰሩ መብራቱን አስጠፍተው ግድግዳው ላይ አንድ ሥዕል አበሩ። ሁለት መስመሮች ናቸው፤ አንዱ ከተመረመሩት የሞቱት፣ ሌላው ካልተመረመሩት የሞቱት። ሚጣ መጀመሪያ ያየችው አንድ መስመር ነበር። ሁለተኛውን ረስተውት መሰላት። ከዚያ ተጠግታ ስታይ አንዱ ባንዱ ላይ ተኝቷል።

«ስሌቱ ተፈትሿል?» አለ ከኋላ አንድ ወጣት።

«ተፈትሿል። በተለያዩ ሰዎች።»

«ቀድመን አግኝተንላቸው የለም እንዴ?»

«አግኝተናል» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ምርመራው ካንሰሩን ቀድሞ ያገኛል። በዚህ አልተሳሳትንም። ግን ቀድሞ ተገኘላቸው እንጂ የሚሞቱት ሞቱ። ምናልባት እኛ ቀደምነው ስንል እሱ ቀድሞናል።» ከዚያ «በሉ እንግዲህ» ብለው ተቀመጡ። መብራቱን የሚያበራ ሰው ጠፍቶ ሁሉም ጨለማው ውስጥ ቁጭ አሉ።

ሚጣ ከዚያ ወጥታ የሄደችው ሆስፒታል ነው። ፍሬን ለሰባት ሴቶች በተሠራ ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ተኝታ ነበር። ከሆዷ ውሃ የሚያወጣ ቱቦ ተሰክቶላት፣ ከአልጋው ሥር ያለው ከረጢት ግማሽ ድረስ ሞልቷል። ልጇ ልብስ ልታመጣ ወደ ቤት ሄዳለች። ሚጣ የእህቷን እግር ቅባት ትቀባላት ጀመር፤ ቆዳው ደርቆ ይሰነጠቅ ነበር።

«ሚጣ» አለች ፍሬን። «ያ ሁሉ የሰጠሁት ደም የት ደረሰ?»

ሚጣ መቀባቷን አላቆመችም።

«አይታችሁታል አይደል? ፊትሽ ያሳብቅብሻል። ልጅ ሆነሽም ውሸት አይሆንልሽም ነበር።»

«አይተነዋል።»

«እና?»

«ሆድሽ ከማበጡ ከዓመት በፊት ደምሽ ላይ ነበር። መርምሬሽ ቢሆን ኖሮ አውቀው ነበር።»

ፍሬን ዐይኗን ጨፈነች። አጠገቧ ያለችው በሽተኛ ውሃ ለመነች፤ ነርስ መጥታ አጠጥታት ሄደች። ፍሬን ዐይኗን ስትገልጥ ድምጿ የተቆጣ ነበር።

«ይሄን ይዘሽ ነው እስከ ዛሬ እንደ ሌባ ስትሸሺኝ የከረምሽው?»

«እታለም...»

«ዝም በይ፣ እኔ ልጠይቅሽ። ብታውቂው ኖሮ እተርፍ ነበር?»

ከጥቂት ሰዓታት በፊት ብትጠየቅ ኖሮ ሚጣ መልስ አይኖራትም ነበር። አሁን አላት።

«አትተርፊም ነበር» አለች። «ውጤቱ ዛሬ ወጣ። የተመረመሩትም ያልተመረመሩትም እኩል ነው የሞቱት።»

«አንዷም አልተረፈችም?»

«አንዷ ተርፋ ይሆናል፤ አንቺም ያቺ ሆነሽ ይሆናል፤ እሱን መማል አልችልም። በጅምላው ሲታይ ግን ምንም ልዩነት የለም።»

«እንኳን!» አለች ፍሬን፤ እጇንም ዘረጋችላት። «እንኳን እንዲህ ሆነ! እንግዲያው ያንቺ ጥፋት አይደለም ማለት ነው። እፎይ በይ በቃ።»

«እንደሱ አትበይኝ።»

«ምን ልበልሽ ታዲያ?»

«ጥፋቱ የኔ ቢሆን ይሻለኝ ነበር!» አለች ሚጣ፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዞር አሉ። ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የኔ ጥፋት ቢሆን ምርመራው ይሠራል ማለት ነበር። ሌሎቹ ይተርፉ ነበር። አሁን እኮ እኔም ንጹሕ ነኝ፣ አንቺም ትሞቻለሽ፣ ከኋላሽ የሚመጡትም እንዲሁ።»

ትሞቻለሽ የሚለው ቃል ከሁለቱ ካንዳቸውም አፍ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ፍሬን የዘረጋችውን እጅ ቀስ ብላ ሰበሰበችው።

«እኔ ለቁም ነገር የሰጠሁ መስሎኝ ነበር» አለች።

«ለቁም ነገር ነው። እንደማይሠራ ያወቅነው በናንተ ደም ነው። ያለዚያ ስንት አገር ሙሉ ሴት በከንቱ ሲመረመርና ሲቀደድ ይኖር ነበር።»

«ደህና ቁም ነገር» አለች ፍሬን። አልሳቀችም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ሚጣም የቀረውን እግሯን ቀባቻት።

ፍሬን ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። በጠራራ ፀሐይ፣ ነርሷ አንሶላ ልትቀይርላት በጎኗ ስታገላብጣት፣ ትንፋሿ ቆመ። ቀብሯ ላይ ያስተማረቻቸው ሁሉ መጡ፤ የአውቶቡስ ሾፌር፣ የታክሲ ሾፌር፣ አምቡላንስ የሚነዳ ሳይቀር። መንገዱ በመኪና ተዘጋ። አንድ ጎልማሳ ልቅሶውን ገታ አድርጎ፣ «መኪና እንዲህ አቁመን ብታየን በሰደበችን» አለ። የሳቁ ነበሩ። ሚጣ አልቻለችም።

ጥናቱ ተዘጋ። ፕሮፌሰሩ ጡረታ ወጡ። ሚጣ ሌላ ክፍል ተመደበች፤ በጠዋት ትገባለች፣ ነጭ ጋውኗን ትለብሳለች፣ የታዘዘችውን ትሠራለች። ወጣቶቹ አዲስ ሐሳብ ይዘው ሲመጡና «ዘንድሮ እንኳ እንደርስበታለን» ሲሉ ስትሰማ ራሷን ትነቀንቅላቸዋለች። እሷም አንድ ጊዜ እንዲያ ትል ነበር።

የልጅቷ የዘረ መል ውጤት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከሐኪሟ ይልቅ ከአክስቴ ልስማው ብላ፣ ወደ ሥራ ከመግባቷ በፊት ሚጣ ቤት መጣች። ሁለቱ ወጥ ቤቱ ውስጥ ባለችው ጠባብ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«አለብኝ» አለች ልጅቷ፣ ሚጣ አፏን ሳትከፍት።

«ጉድለቱ አለብሽ። በሽታው የለብሽም።»

«ገና የለብኝም በይው። ምን ይደረጋል?»

«ልጆችሽን ወልደሽ ስትጨርሺ፣ አርባ ሳትደርሺ፣ የእንቁላል እጢዎቹንና የማህፀን ቱቦዎቹን ማስወጣት። እሱ የተረጋገጠ ነው፤ ሥጋቱን በጣም ይቀንሰዋል።»

«እስከዚያስ? በየጊዜው የምመረመረው ነገር የለም?»

ሚጣ የልጅቷን እጆች አየች፤ ጥፍሯ ሥር የማተሚያ ቤት ቀለም ነበር። «ደም ይወስዱልሻል፣ በአልትራሳውንድ ያዩሻል። ያድንሻል ብዬ ግን አልዋሽሽም።»

«አክስቴ፣ አንቺ እኮ ዕድሜሽን ሙሉ ይሄን ነው የሠራሽው።»

«አዎ።»

«እና ምንም የለም?»

«እስካሁን የለም።»

«እንግዲህ ባል ፍለጋ ልውጣ» አለች፤ በእናቷ አነጋገር ልትቀልድ ነበር፤ ግን ሳቁ አልመጣላትም። ሚጣ እጇን ዘረጋችላት። ልጅቷ አልያዘችውም፤ ቦርሳዋን አነሳች።

«ሥራ ይረፍድብኛል» አለች። በሩንም ቀስ ብላ ዘጋችው።

ሚጣ ልትከተላት ብድግ አለች። ደርሳባት ምን እንደምትላት አሰበች። ተመልሳ ተቀመጠች።